የእህቴ ሽማግሌ

ታናሽ እህቴ ባሏን አኩርፋ እኔ ቤት በመጣች ማግስት የሰፈራችን ሸህ አስጠሩኝ። ባልየው ላሊበላ ሥራ ሲጠፋ ጊዜ፣ አንድ ቃል ሳያማክራት ወገል ጤና ከተማ ሄዶ ሁለት ወር ከርሞ ነው የተመለሰው። ሸሁም እንደ ሸሪዓው ከእሱ ወገን አንድ፣ ከእሷ ወገን አንድ ሽማግሌ ይቀመጥና ነገሩ ይታይ አሉ። ከእሱ በኩል አጎቱ ከሙጃ መጡ። እናት አባታችን በሕይወት የሉም፤ ከእሷ በኩል ከእኔ ሌላ ማን አለ? ባልና ሚስቱም ሽማግሌዎቹ የወሰኑትን፣ ፍቺም ቢሆን፣ እንቀበላለን ብለው ፊታችን ቃል ሰጡ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ከተማውን ከላይ እስከ ታች ስንቴ እንደተመላለስኩበት አላህ ይወቀው። ጎረቤት ጠየቅሁ። ባልየው ባጃጅ ሲነዳ የሚያውቁትን ጓደኞቹን ጠየቅሁ። ራሱንም መንገድ ላይ አስቁሜ አፋጠጥኩት። "ሥራው ከተሳካ ልወስዳት ነበር እኮ" ሲለኝ ደሜ ፈላ። የእኔ እህት አደራ የሚያስቀምጧት ዕቃ ናት እንዴ? ቤት ስገባ ራት ታቀርብልኛለች፤ "አይዞሽ፣ አሳየዋለሁ" እላትና በቅጡ ሳልጎርስ እነሳለሁ። የሆነ ነገር ልትለኝ አፏን ስትከፍት ስልኬ ይጠራል፤ ካልጠራም እኔው እደውላለሁ።

አጎትየው ጨዋ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ብናስታርቃቸው አይሻልም ወይ?" እያሉ ሦስት ቀን ሙሉ ለመኑኝ። ወይ ፍንክች አልኩ። በአራተኛው ቀን ታከታቸውና "እንግዲህ የእሷ ሰው አንተ ነህ፤ እሷ ፍቺ ካለች ይሁን" አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

በነጋታው ሸሁ ቤት ተሰበሰብን። "መለያየቱ ይሻላል ብለናል" ስል ባልየው አንገቱን ደፋ። ሸሁ ወደ እህቴ ዞሩ።

"ልጄ፣ የልብሽን ለወንድምሽ ነግረሽዋል?"

"አልጠየቀኝም" አለች።

ሸሁ ወደ እኔ ዞረው "ይዘሃት ውጣ፤ ጠይቃት" አሉኝ።

ግቢው ውስጥ አጥሩ ሥር ቆምን። ፊቷን ማየት አፈርኩ።

"ምንድን ነው የምትፈልጊው?" አልኳት።

"በሄደበት ሁሉ አብሬው መሄድ" አለችኝ። "አንተ ቤት የመጣሁት ይህችን እንድትነግርልኝ ብዬ ነው።"