አውሮፕላን አይሰማም

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው በጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ደህና ዘመን ቢሆንማ ቀን ሥራ እንጂ ምን ተረት አለ! የጃንሆይ ዘመን ወደ ማለቂያው ሲጠጋ፣ አገራችን በመሬት ልኬትና በግብር ከመንግሥት ተጣልታ፣ አባቴ ከመንደሩ ወንዶች ጋር ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ሞጣ ሄደ። ከቢቸና ወዲያ ባለችው መንደራችን የቀረነው ሴቶች፣ ልጆችና አሮጊቶች ቦምብ የሚጥለውን የመንግሥት አውሮፕላን ፈርተን፣ ጎህ ሲቀድ ከገደሉ ሥር ካለው ዋሻ እንገባ፣ ሲመሽ እንወጣ ነበር።

ያኔ ዋሻው ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ጭስ ያሳብቃል ተብሎ። ከአንዲት ኩራዝ በቀር ብርሃን የለንም። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ እየለወስን እንጎርሳለን። ጨለማውን የለመዱት ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆናቸው መነኩሴዋ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ብቻ ስለነበሩ፣ ልጆች ሁሉ እሳቸው ላይ ተለጠፍን። እሳቸውም ንጉሥ ከሚነድ እሳት ስለጣላቸው ሦስት ልጆች ያወሩልን ነበር።

አውሮፕላን የሕፃን ለቅሶ ይሰማል ብሎ ማን እንዳስወራ እንጃ። በዚያ ሁሉ የብረት ጩኸት መሐል የተቀመጠ ሰው ምን ሊሰማ! የምድሮቹ ሹማምንት ስንጮህ አልሰሙንም፣ የሰማዩ ይሰማናል ብለን ፈራን። ግን አመንን፤ አውራ ዶሮውን ያረደ፣ የውሻውን አፍ ያሰረ አለ።

አንድ ቀን እናቴ ጥርስ ያላወጣውን ወንድሜን ይኸነውን አስታቅፋኝ ከምንጩ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። እሷ ሳትመለስ ያ ጉምጉምታ መጣ። ይኸነው ጡት ፈልጎ አለቀሰ።

«አንቺ! አፉን ያዢው እንጂ! ልታስፈጂን ነው?» አለች ጎረቤታችን እታለም ዘርትሁን።

ነጠላዬን አጥፌ አፉ ላይ ጫንኩት። ተንፈራገጠ። ትንሽ ቆይቶ ተወ። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

እማሆይ ተረታቸውን አቋረጡ። «ልጁ የት ሄደ?»

«እዚሁ ነው፣ እማሆይ፤ ተኝቷል።»

«የተኛ ልጅ ይተነፍሳል!»

በዳበሳ መጥተው እጄን መንጭቀው አነሱት፤ ልጁን ገልብጠው ጀርባውን መቱት፣ ፊቱ ላይ እፍ አሉበት። ልጁ ድምፅ የለውም። ስንት ጊዜ እንደመቱት አላውቅም። በመጨረሻ አንዴ ሳል አለና ዋሻውን በለቅሶ ሞላው።

«እማሆይ፣ ኧረ ይኼ ልጅ ያስጨርሰናል!» አለች ዘርትሁን።

«አውሮፕላን አይሰማም፣ አንቺ ደንቆሮ! የሚሰማው ሌላ ነው። አልቅስ፣ የኔ ጌታ፤ አልቅስ፣ ያለህበትን ይወቅ።»

ከወንዙ ማዶ ምድር ተናጋ፤ አፈር ከጣራው ላያችን ላይ ወረደ። እሳቸው ልጁን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ተረቱን ካቆሙበት ቀጠሉ፦ ከሦስቱ ልጆች ትንሹ እሳቱ ውስጥ አለቀሰ፤ ለቅሶውን ሰምቶ አራተኛ መጣ፣ አጠገቡም ተቀመጠ።

የኔ አፍ ግን ያኔም አያርፍ፦ «ታዲያ እሳቱን ለምን አላጠፋውም?»

«ስታገኚው ጠይቂው። ምላስሽ እንደሁ አይፈራም።»

እናቴ እንስራዋን ጥላ፣ ጉልበቷ ደምቶ ተመለሰች። ልጇን ተቀብላ አጠባችው። ምን እንዳደረግሁ እማሆይም አልነገሯት፣ እኔም እስክትሞት አልነገርኳት። አባቴ ግን ከሞጣ አልተመለሰም፤ የምንቀብረው አስከሬን እንኳ አላገኘንም። እሳቱ አልጠፋም ማለት ነው።

ፊደል የለየሁት በኋላ፣ ይኸነው ከየኔታ ዘንድ ተምሮ ሲመጣ በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ ነው። ማንበብ ሲሆንልኝ መጀመሪያ የፈለግሁት የሦስቱን ልጆች ታሪክ ነበር። ጣቴን በመስመሩ ላይ እየጎተትኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እሳቱ አለ፤ አራተኛውም አለ። የሚያለቅስ ልጅ ግን የለም፤ ሦስቱም ነበልባሉ መሐል ቆመው ይዘምራሉ። ለቅሶውን የጨመሩት እማሆይ ናቸው፤ ያን ዕለት፣ ለወንድሜ።

የተማረ ሰው ተሳስተዋል ይበል። ይኸነው ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ሲስቅ በሰማሁ ቁጥር እጄን ከነጠላዬ ሥር እደብቃለሁ። እኔም ፍርሃት ሲይዘኝ ዝማሬው አይመጣልኝም። አለቅሳለሁ፤ ያለሁበትን እንዲያውቅ።