ሙዚየም መስሎን የገባንበት ቤት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ሐምሌ ነው። ባለቤቴ ለሰው ሲያወራው እንደ ቀልድ ይጀምረዋል። እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

የምንኖረው አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ነው። የባለቤቴ እናት እማማ ዘነበች እኛ ጋ ከመጡ ወዲህ ከሰፈራችን ርቀው አያውቁም። አንድ ቀን በመስኮት እያዩ፣ "ይህ አገር ተራራ የሚባል አልፈጠረበትም?" ሲሉ ሰማናቸው። ለእረፍታችን መኪና ተከራይተን ወደ አልፕስ ተራሮች ይዘናቸው ሄድን።

መንደሩን የመረጠችው ልጃችን መክሊት ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዋልሰር የሚባሉ ገበሬዎች ከብዙ መቶ ዓመት በፊት መሬት ፍለጋ ተራራ አቋርጠው መጥተው የቆረቆሩት ነው። ቤቶቹ ከወፍራም ግንድ የተሠሩ፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው ናቸው። አንደኛው ሙዚየም ሆኗል ብላ ከስልኳ አነበበችልን።

ባለቤቴ መኪና ሊያቆም ሄደ፤ እኛ ሦስታችን የሙዚየሙን ምልክት ተከትለን ወጣን። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ከወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል። በሩ ገርበብ ያለ አሮጌ ቤት አገኘንና ጎንበስ ብለን ገባን።

ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ጥግ ላይ ትልቅ የድንጋይ ምድጃ አለ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዳቦና አይብ ተቆራርጦ ቀርቧል። ለጎብኚ ቅምሻ መሰለኝና አንድ ቁራጭ አይብ አነሳሁ።

እማማ በሩ አጠገብ ቀሩ። "ልጄ፣ ይሄ የሰው ቤት ነው። ምድጃው እኮ ይሞቃል" አሉኝ።

"ሙዚየም ነው እማማ። አውቀው ነው እንዲህ የሚያደርጉት።"

"ቢሆንም፣ ባለቤት በሌለበት እህል አይነካም።"

"ኦማ፣ አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ትፈሪያለሽ!" አለች መክሊት። አያቷን በደች፣ በሆላንዶች ቋንቋ፣ ነው የምትጠራቸው። ሌላ ጊዜ "አንቺ አይባሉም" ብዬ አርማት ነበር። ያን ቀን አብሬያት ሳቅሁ።

መስኮቱ ሥር ሳጥን ላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ፣ የበራ ሻማና ባርኔጣ ነበር። መክሊት ባርኔጣውን አንስታ ደፋችው። ወገቧን ይዛ፣ አፏን እንደ ሽማግሌ አጣማ ቆመች። እኔም ሌላ አይብ እያኘክሁ፣ ከት ብዬ እየሳቅሁ ፎቶ አነሳኋት።

ዞር ስል በሩ ላይ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። ከፊት አንዲት አዛውንት ሴት የአንድ ጎልማሳ ክንድ ይዘዋል። ዓይናቸው ባርኔጣው ላይ ነው።

ጎልማሳው ሳይቆጣ በጀርመንኛ ተናገረ፤ ደች ስለምችል ገባኝ። "ሙዚየሙ ቀጥሎ ያለው ቤት ነው። እኛ አባቴን ቀብረን መመለሳችን ነው።"

መክሊት ባርኔጣውን አውልቃ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። እኔ አፌ ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቃተኝ።

እማማ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ወደ ሴትዮዋ ሄደው ሁለት እጃቸውን ያዙና፣ "እግዚአብሔር ያጥናዎት፣ እህቴ" አሉ በአማርኛ። ሴትዮዋ ግንባራቸውን እማማ ትከሻ ላይ ጥለው አለቀሱ። እማማም አብረው አለቀሱ።

ይቅርታ እየጠየቅሁ ልወጣ ስል ሴትዮዋ ከለከሉኝ። እንድንቀመጥ አደረጉን፤ ዳቦ አንስተው መጀመሪያ የሰጡት ለመክሊት ነው። ምነው በጮሁብን፣ ምነው ባስወጡን አልኩ።

መኪና ውስጥ መክሊትን መቆጣት ስጀምር እማማ፣ "ተያት። አንቺን አይታ ነው" አሉኝ።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ "ምን ልታዘዝ?" ስል የምውል ሰው፣ የገዛ ቤቴን አዛውንት ግን በር ላይ አቁሜ አልሰማኋቸውም። በኋላ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ "ተይው" ብለው ሳሙኝ። ፎቶውንም አጠፋሁት።

የእኚያ ሴት ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። ባላቸውን አፈር አልብሰው ቤታቸው ሲመለሱ የተቀበላቸው የእኔ ሳቅ ነበር።