አንዴ ብቻ የሚጠየቅበት አገር

ሲያትል ከገባሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ወራት እየራበኝ ነው ያሳለፍኩት። ምግብ ጠፍቶ አይደለም። ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ በየቀኑ ከምሳቸው ቅመሺ ሲሉኝ «አይ፣ በልቻለሁ» እላለሁ፤ እነሱም ያምኑኛል። ሰው በዚህ ዓይነት በቀላሉ ያምናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዛሬ የዚያው ሆቴል የጽዳት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ለዚህ ያበቁኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም። አንዷ እትዬ የምላቸው የአዲስ አበባ ሴት ነበሩ፤ የአንሶላና የፎጣው ክፍል የሚተዳደረው በእሳቸው እጅ፣ ይልቁንም በእሳቸው ምላስ ነበር። ሌላው ከጎረቤት ከተማ ከታኮማ የሚመላለስ ጥቁር አሜሪካዊ የጥገና ሠራተኛ ነበር። በዕድሜ አባቴን ያህላል። እትዬ የአንቱታን ነገር ሲያስረዱት ግን «ያስረጀኛል» ብሎ እምቢ ስላለ፣ እኔም እሱ እያልኩ እጽፋለሁ።

አንድ ረቡዕ ማናጀሩ ቢሮው ጠራኝና ሱፐርቫይዘር መሆን እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያን ሥራ ከምንም በላይ ነበር የምፈልገው። ወገቤ ፍራሽ በማንሳት አልቋል፤ የሱፐርቫይዘር ፈረቃ የጠዋት ሲሆን የኔ የከሰዓት ስለነበር ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ተገኝቼ አላውቅም። እንግዲህ እንደ ጨዋ ሰው አንገቴን ደፍቼ «አይ፣ ከኔ የሚሻሉ ሞልተዋል፤ እኔ ገና ተማሪ ነኝ» አልኩት። በኛ አገር ይህ «እባክህ ደግመህ ጠይቀኝ» ማለት ነው። ማናጀሩ «ኦኬ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ተከትሎኝ ይወጣል፣ ክንዴን ይዞ «በሞቴ» ይለኛል ብዬ የበሩን እጀታ እየወለወልኩ ጠበቅኩት። እጀታው ፊቴን እስኪያሳየኝ ድረስ አበራ። በመጨረሻ ማናጀሩ ወጣ፤ «ይቅርታ» ብሎ አልፎኝ ምሳ ሄደ።

እያለቀስኩ ወደ እትዬ ወረድኩ።

«ስንቴ እምቢ አልሽው?» አሉኝ።

«አንዴ ብቻ።»

«እሱስ ስንቴ ጠየቀሽ?»

«አንዴ።»

ፎጣውን አስቀመጡት። «ሞኝ ነሽ። እዚህ አገር ሰው አንዴ ነው የሚጠይቀው። ድሮ እኔንም ጠይቀውኝ ነበር፣ ተግደረደርኩ። ይኸው እስካሁን ፎጣ ሳጥፍ አለሁ።»

ማናጀሩ ሌላ ሰው የሚመርጠው ዓርብ ነበር። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ልምምድ ተጀመረ። አምፖል ሊቀይር የመጣው የጥገናው ሰውዬ ጉዳዩን ሲሰማ ሥራውን ትቶ ማናጀር ሆነ። የትራስ ልብስ እንደ ከረባት አንገቱ ላይ አሰረ፤ አንድ ካርቶን ዶናትም አመጣ። ልምምዱ ቀላል ነው፤ እሱ ዶናት ያቀርብልኛል፣ እኔ «የስ» እላለሁ።

«ዶናት ትፈልጊያለሽ?»

«ኖ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። አፌ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ዶናቱን በላው። ሌላ አቀረበልኝ፤ «ኖ» አልኩ፤ በላው። ሦስተኛውንም እንደዚሁ። አራተኛው ላይ ቀበቶውን አላላ።

«ምነው፣ ሰውየውን ልትገድዪው ነው?» አሉ እትዬ። «ተቀበይው እንጂ።»

እሱ አፉን በከረባቱ ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ እንደኔና እንዳንቺ ያለ ጥቁር ሰው ወንበር ሲሰጡት ቶሎ መቀመጥ አለበት። ቆሞ ካመነታ ወንበሩን ያነሱታል» አለኝ። ቀልድ አልነበረም፤ ስንት ወንበር እንደተነሳበት ከፊቱ ይታይ ነበር።

አምስተኛውን ዶናት ከእጁ ነጠቅኩት። እትዬ እልል አሉ።

ዓርብ ፈረቃዬን ሳልጠብቅ በጠዋት ሄጄ፣ ማናጀሩ ገና ኮቱን ሳያወልቅ «የስ» አልኩት።

«ምኑን?» አለ።

ረቡዕ እምቢ ያልኩት እሺ ማለቴ እንደነበር አስረዳሁት። ኮቱን አውልቆ ሰቀለና ፋይሉን እንደገና ከፈተ። በመጨረሻ ሥራውን እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ «የስ» አልኩ። ቅዳሜ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ፤ «የስ።» እሑድስ? «የስ።» አፌ አንዴ ከተፈታ ማን ይያዘው። ስድስት ወር ሙሉ ቅዳሴ አመለጠኝ።

«እሺ ማለት አስተማርንሽ እንጂ እበጂ አልንሽ?» አሉ እትዬ። በማግስቱ ኖ የማለት ልምምድ ጀመርን። ዶናቱን ያመጣው አሁንም እሱ ነው፤ የበላውም እሱ ነው።

የጠዋት ፈረቃ በጀመርኩበት ሰኞ ግን ልጄን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ሆኜ ተቀበልኳት። በሩ ላይ ቆማ አየችኝና «ዋይ አር ዩ ሂር?» አለችኝ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀድሞ የሞተው እሱ ነው። ታኮማ ቤታቸው ለቅሶ ስንደርስ ባለቤቱ የዶናት ሳህን ይዛ መጣች። ጥያቄዋን ሳትጨርስ «የስ» አልኩ፤ እያለቀስኩም ሁለት በላሁ። እትዬ አጠገቤ ሆነው ሦስተኛውን በመሐረብ ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ።

እትዬ ሲታመሙ ቢከን ሂል ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ የሚለብሱትን ኪሰ ሰፊ ሰማያዊ ሹራብ አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። እንደ ሆቴል ፎጣ ነው ያጠፉት፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ።

«ውሰጂው፣ የአንሶላው ክፍል ይበርዳል» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ እርስዎ ይለብሱታል» አልኩ።

ይህ እምቢታ የይሉኝታ አልነበረም። ሹራቡን ከወሰድኩት እትዬ ወደ ሥራ አይመለሱም ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ እንዲመለሱ ነበር የምፈልገው። እሳቸውም ገብቷቸዋል። እዚህ አገር ሰው አንዴ ነው የሚጠይቀው ያሉኝ እሳቸው ነበሩ።

«ውሰጂው በሞቴ» አሉኝ ሁለተኛ።

«እሺ» አልኩ።