የእህቴ ስድስት ዓረፍተ ነገሮች

ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልክድም። ሐኪም «ደህና ነሽ» ሲለኝ እንኳን ምን ደብቆኝ ይሆን እላለሁ። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ታናሽ እህቴ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ ግን ምንም አልጠረጠርኩም። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ እሷ ከጓሮ፣ እኔ ከፊት። ክሊኒክ ሪሴፕሽን ለመቀጠር የቋንቋ ኮርስ ጀምራለች፤ እኔ ደግሞ ዊንጌት አካባቢ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለማስተምር የቤት ሥራዋን አርምላታለሁ።

የዛሬው «ግራጅ» በሚለው ቃል ስድስት የዕለት ተዕለት ዓረፍተ ነገር መሥራት ነው አለችኝ። ግራጅ ያው ቂም ነው። እንደ እኛው ቂም ሰው ላይ ይያዛል፣ ይኖራል፣ ይተዋል እንጂ አይደረግም ብዬ አስረዳኋት። እሺ ብላ ሻይ ልታፈላ ወደ ኩሽና ገባች።

የመጀመሪያው፦ ጎረቤቴ ደጇ ላይ ውሃ ስለደፋሁ ግራጅ ይዛብኛለች። ራይት። ሁለተኛው፦ አጎቴ ሠርጌ ላይ ስላልጠራሁት እስከ ዛሬ ግራጅ አለው። ራይት። ሦስተኛው፦ በልጆች ላይ ግራጅ አልይዝም። ራይት። አራተኛው፦ ሰው ለደግ ብሎ ባደረገው ነገርም ግራጅ ሊያዝበት ይችላል። እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። አምስተኛው፦ ግራጅ የያዘ ሰው እየሳቀም ሊኖር ይችላል። ስድስተኛው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ባዶ።

ሰዋስዉ አንድም ስህተት የለበትም። እኔ ግን አራተኛውን መልሼ አነበብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እናታችን ስትሞት እህቴ የአንድ ሳምንት አራስ ነበረች። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ትታወካለች፣ ወተቷም ይደርቃል ይባላል። ዘመድ ተሰብስቦ ሲያመነታ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ልጇ ክርስትና እስኪነሳ አትስማ አልኩ። ድንኳኑ ሸጎሌ አጎታችን ቤት ተተከለ። እህቴ «እማዬ ለምን አልመጣችም?» ስትል እንጦጦ ጸበል ገብታለች፣ ስልክ አይፈቀድም እላት ነበር። ከለቅሶ ስመለስ መጀመሪያ ጎረቤታችን ቤት ገብቼ ጥቁሩን አውልቄ ቀይ ሹራብ እለብሳለሁ፤ ከዚያ እየሳቅሁ ገንፎ ላቀርብላት እገባለሁ። አይ ሰው መሆን!

መርዶው በተነገራት ማለዳም እንደ ሰው አላለቀሰችም። ልጇን አቅፋ ተቀመጠች። አንድ ቀን እንኳን ወቅሳኝ አታውቅም። ብቻ ሥራ ቦታ ስትደውልልኝ «የደበቅሽኝ ነገር የለም አይደል?» ብላ ትጀምራለች፤ ከዚያ ትስቃለች። ያቺን ሳቅ ስድስት ዓመት ሙሉ ስመረምራት ኖሬያለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ፤ የወጋሁት እኔም አልረሳሁም።

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ቀጠሮ፣ ካርድ፣ የስልክ አነጋገር፣ ይቅርታ ትንሽ ይጠብቁ። ታዲያ ግራጅ ለሪሴፕሽን ምን ይሠራል? ሰው ካርድ ሲያወጣ ቂሙን ይጠየቃል እንዴ? ንዴቴ መጣ። ሻዩን ይዛ ስትመለስ፣ ይህን ቃል እውነት አስተማሪዋ እንደሰጣት ጠየቅኳት።

«አይ» አለች፣ ብርጭቆውን ቀስ ብላ እያስቀመጠች። «የፈለጋችሁትን ቃል ምረጡ ነው ያለን።»

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። በደብተር ከምትወጊኝ ለምን በአፍሽ አትነግሪኝም አልኳት። ለአንቺ ብዬ እንጂ ለራሴ አደረግኩት ወይ፣ እናቴንስ ቀብሬ በቀይ ሹራብ መሳቅ ቀላል መሰለሽ ወይ፣ ያልወጣኝ የለም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ያኔ ስለደበቅሽኝ አይደለም፣ እቴቴ። እኔም ብሆን አደርገው ነበር። እስከ ዛሬ ስለማትነግሪኝ ነው።»

«ምኑን?»

«እማዬ ጠርታኝ ነበር?»

ሻዩን አየሁት። አልጠራችሽም፣ እንቅልፍ ላይ ነበረች ብዬ ልገላገል እችል ነበር፤ ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰውም ይህንኑ ነው። እህቴ ግን ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም። ለካ እሷም ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠረጥረኝ ነው የኖረችው።

ጠርታሻለች አልኳት። በመጨረሻዋ ጠዋት ሦስት ጊዜ ጠራችሽ። አራስ እንደሆንሽ ተምታቶባት ነበር፤ ልጅቷ የት ሄደች አለችኝ። ነገ ትመጣለች አልኳት። እሺ ብላ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አልዞረችም። እናቴንም እህቴንም በአንድ አፍ ዋሸሁ። በመርዶው ቀን ልነግራት ነበር፤ አፈርኩ። ከዚያ ዓመቱ አለፈ፣ ከዚያ ሌላው።

እህቴ መጀመሪያ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። ከዚያ «እማዬ» ብላ ጮኸች። ያኔ ያላለቀሰችውን ለቅሶ ደረቷን እየመታች አለቀሰችው፤ እኔም ተከተልኳት። ሻዩ ደብተሩ ላይ ፈሰሰ፤ ማንም አላነሳውም።

ጩኸቱን ሰምታ ጎረቤታችን በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች። ያቺው ያኔ ጥቁሬን ቤቷ የማወልቅባት ጎረቤት ናት። በሩ ላይ ቆማ ማን ሞተ ብላ ጠየቀች። እንደ ልማዴ ምንም የለም ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን እህቴ ታየኝ ነበር።

«እናታችን» አልኳት።