ሻሼ ምን በላች?

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይመስገን! አሜን በሉኛ፣ ብርዱ አፋችሁን ያዘው እንዴ? ጌታ ይመስገን!

ዛሬ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ነው የወጣሁት። መድረክ የሚመራው ወንድም «አምስት ደቂቃ» ብሎኛል። ሚስቴ ወርቅነሽ ደግሞ እዚያ ሦስተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሰዓቷን ታያለች። እሷ ፊቷን ካጠቆረች አበዛሁ ማለት ነው፣ ያኔ አስቁሙኝ። የምመሰክረው ስለ ፈውስ ነው። የታመመችው ግን ላም ናት። አትሳቁ! እሺ፣ ሳቁ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል። የኛ ላሞች ግን እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከቤታችን ጓሮ ናቸው። አራት ናቸው፤ ከአራቱ የቤቱ ምሰሶ ሻሼ ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለ ልጄ ቤቲ ናት ስም ያወጣችላት። እኛን ያበላችን፣ ቤቲን ያስተማረችው ሻሼ ናት ብል አልዋሸሁም።

ክረምት ሲገባ የኛ ቤት ኑሮ ለጉድ ነው። ግቢው ጭቃ፣ በሩ ላይ ሦስት ጥንድ ቦት ጫማ፣ ገመዱ ላይ የማይደርቅ ልብስ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኔና ወርቅነሽ በረት ውስጥ የምንነጋገረው እየተጯጯህን ነው፤ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ቤቲ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራዋ ለጥጃ ጃንጥላ መያዝ ነው። እሷ ትበሰብሳለች፣ ጥጃው ደረቅ ነው። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ የሚጾሙት ደንበኞቻችን ወተት ስለሚተዉ ቤቱ እርጎ በእርጎ ይሆናል። ቤቲ የእርጎ ጢም አውጥታ ስትዞር ነው የምትውለው። ደስ የሚል ቤት ነበር። ደስታውን የማበላሸው እኔ ነበርኩ።

ወገኖቼ፣ እኔ ጌታን የማውቀው በሚስቴ በኩል ነበር፤ እንደ ጎረቤት ዋይፋይ። አጥሩ ጋ ስቆም ትንሽ ይይዝልኛል፣ የይለፍ ቃሉን ግን አላውቀውም። እሷ እሑድ እዚህ ትመጣለች፣ እኔ «ላሞቹን ማን ያያል?» እላለሁ። ላሞቹም ይህን ሰበብ ለምደውት ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ከብት የምታረቡ ታውቃላችሁ፣ ላም ፉርሽካ ብቻ በልታ አትጠግብም፣ አተላ ትወዳለች። እኔ ደግሞ በየጠዋቱ ሁለት ጀሪካን ብስክሌቴ ላይ አስሬ እትዬ አስካለ የሚባሉ አረቄ የሚያወጡ እናት ቤት እሄዳለሁ። የአረቄውን አተላ ይሰጡኛል። ገባችሁ አይደል? አተላው ለላሞቹ፣ አረቄው ለኔ! በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ። ክፋቱ ደግሞ ሚስቴ አሽትታ ልትይዘኝ አትችልም። አፌ ይሸታል፣ ግን ጀሪካኑም ይሸታል፣ ጃኬቴም ይሸታል፣ ብስክሌቱም ይሸታል። «አተላው ፈሶብኝ ነው» እላታለሁ። ዝም ትላለች። እኔም አታለልኳት ብዬ በራሴ ብልጠት እደሰት ነበር። እትዬ አስካለ ራሳቸው አንድ ቀን፣ «አንተ ልጅ፣ አተላው ከቀረበልህ እኮ ቆየ። ላሞችህ አይርባቸውም?» አሉኝ። «ዝናቡ ያባራ ብዬ ነው እትዬ» አልኳቸው። በሐዋሳ ክረምት ዝናብ ያባራል ብሎ የተቀመጠ ሰው መስከረም ነው የሚነሳው።

ያለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት ነው። ረቡዕ ቀን። ሻሼ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ የተመለስኩት አራት ሰዓት ላይ ነው፣ ያውም እየዘፈንኩ። ወርቅነሽ ወተት ልታደርስ ወጥታለች፣ ቤቲም አብራት ሄዳለች። በረት ብገባ ገንዳው ባዶ! ላሞቹ ቆመው ያዩኛል። ለካ ሚስቴ ስዘገይባት ጊዜ ራሷ አብልታቸው፣ እነሱም ልሰው ጨርሰውት ነው። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጦማቸውን የዋሉ መሰለኝ። በተለይ ሻሼ፣ እርጉዟ! ይቅርታ መጠየቅ ፈለግኩ። ስካር ያለበት ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ልክ የለውም። የፉርሽካውን ጆንያ አንስቼ ግማሹን ገለበጥኩላት፣ ሁለቱንም ጀሪካን አተላ እላዩ ላይ ደፋሁላት። በላች። ላም በቃኝ አትል። እኔም ጥሩ ሥራ ሠርቼ ጋደም አልኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ የቤቲ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። «አባዬ! ሻሼ ወደቀች!»

ሮጬ ወጣሁ። ሻሼ ጭቃው ላይ ተዘርግታለች፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ ዓይኗ ፈዟል፣ ጥርሷን ታፋጫለች። ወርቅነሽ አንገቷን አቅፋ ትጠራታለች። ያንን ፊት አልረሳውም። ለእንስሳት ሐኪሙ ደወልንለት፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ በዚያ ዝናብ በሞተር መጣ። ጆሮዋን ነካ፣ ሆዷን አዳመጠ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን በላች?» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ያኔ ስካሩ ለቆኝ ነበር። አወቅሁ። ምን እንደሆነች ከሐኪሙ በፊት አወቅሁ። ግን ለወርቅነሽ በቤቲ ስም ምዬላት ነበር፣ «ሁለተኛ አልቀምስም» ብዬ። «የተለመደውን» አልኩት።

«የተለመደውን ብቻ?»

«የተለመደውን።»

ያኔ ወርቅነሽ፣ «ዶክተር፣ ጠዋት እኔ ፉርሽካዋን በልኩ ሰጥቻት፣ ከዚያ እርጥብ ሳር ጨመርኩላት። ዝናብ የመታው ሳር ነው። እሱ ይሆን?» አለችው። ሐኪሙም ሊሆን ይችላል አለና ዘይት አጠጣት፣ ሆዷን አሸ፣ ጠበቅን። ምንም የለም። እንዲያውም ባሰባት። አሥር ሰዓት ላይ እጁን ታጥቦ፣ «እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደ ሳር ንፋት አልሆነልኝም። እስከ አሥራ ሁለት ካልተነሳች ጥጃውም እሷም አይተርፉም» አለን።

ረቡዕ ነው ብያችኋለሁ። ረቡዕ ደግሞ የሴቶች የቤት ለቤት ጸሎት ነው፣ ተራው የኛ ቤት ነበር! እማማ ጡሩነሽ ከፊት፣ ስድስት እህቶች ከኋላ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ገቡ። ያው እዚያ ተቀምጠው ይስቃሉ። እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ጭቃው ውስጥ ዘው አሉ። «ሳሎን አንገባም፣ ችግሩ ያለው እዚህ ነው» አሉ። ላም ከብበው ጸሎት ጀመሩ። እኔ የበረቱን ቋሚ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ከዚያ ወርቅነሽ ጮክ ብላ ጸለየች። «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ፣ እኔ ነኝ። ሳሩን ሳላደርቅ የሰጠኋት እኔ ነኝ። የልጄን እንጀራ በእጄ ገደልኩት» እያለች ታለቅሳለች። ደረቷን ትመታለች፣ እናንተዬ! ጥፋቱ የኔ፣ ዕንባው የሷ!

ቤቲ ወደኔ መጣችና እጄን ያዘችኝ። በሹክሹክታ፣ «አባዬ፣ እማዬ ናት እንዴ የገደለቻት?» አለችኝ።

አልቻልኩም። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም፣ ዝናቡ ይጮሃል። ጮህኩ። «እኔ ነኝ! ሰክሬ ነበር! አራት ሰዓት ላይ ደግሜ ሰጠኋት! ወርቅነሽ፣ አንቺ አይደለሽም!»

ሐኪሙ ዘሎ ተነሳ። «ስንት ሰጠሃት?»

«ፉርሽካውን ግማሽ ጆንያ። አተላውን ሁለት ጀሪካን።»

ግንባሩን መታ። «ሰውዬ! ይህን ቅድም ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሆዷ ኮምጥጦ ነው የተቃጠለችው! የዳቦ ሶዳ አምጡ፣ ውኃ አምጡ፣ ቶሎ!» ወርቅነሽ ወደ ማድ ቤት፣ ቤቲ ወደ ሱቅ ለሶዳ፣ ሩጫ ሆነ። ሐኪሙ በአፏ ቱቦ ከትቶ ውኃ እያስገባ የበላችውን ያወጣው ጀመር፤ ከዚያ ሶዳውን በጥብጦ አጠጣት። ግቢያችን አረቄ ቤት ሸተተ። እነዚህ የጸሎት እናቶች አፍንጫቸውን ይዘው ሲጸልዩ ማየት ነበረባችሁ! «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ አባቶች። የኔን ሆድ ያባውን ግን የላም ሆድ አወጣው።

እማማ ጡሩነሽ ያኔም ተንበርክኬ አገኙኝ። ትከሻዬን ይዘው፣ «ልጄ፣ የምንጸልየው ለላሟ ብቻ ነው ወይስ ላንተም?» አሉኝ። «ለሁለታችንም፣ እማማ» አልኳቸው። እዚያው፣ በዚያ ጭቃና እበት መሃል፣ በሚስቴ በኩል ሳይሆን በራሴ አፍ ጌታን ጠራሁት። ያማረ ጸሎት አይደለም። «ጌታ ሆይ፣ ዋሽቼ ነው፣ ማረኝ» ነው ያልኩት። ሰማኝ! ክብር ለስሙ ይሁን! አንገቴ ላይ ተጭኖ የኖረ ጆንያ የወረደልኝ መሰለኝ።

ከዚያ ሁላችንም ሻሼን ደገፍናት። ስምንት ሴት፣ ሐኪሙና እኔ፣ ቤቲ ደግሞ በጅራቷ በኩል። ሐኪሙ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ይላል፣ እህቶች «በኢየሱስ ስም!» ይላሉ፣ ሻሼ ትነሳና ትወድቃለች። አሥራ ሁለት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ ትልቅ ግሳት አወጣች፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መድረክ ላይ የሚነገር አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን ከመዝሙር በላይ ነበር። ከዚያ በአራት እግሯ ቆመች። ሃሌሉያ! ለላም ግሳት ሃሌሉያ የተባለበት ግቢ የኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በማግሥቱ ጠዋት በረት ስገባ ሻሼ ቀስ ብላ ታመሰኳለች። ሐኪሙ በስልክ ሲሰማ፣ «ካመሰኳችማ ድናለች፣ ምስጋናውን ለጸሎታችሁም ለሶዳውም አካፍሉት» ብሎ ሳቀ። እኛም ለላከው ጌታ፣ ለእሱም ለራሱ፣ አካፍለናል።

በዚያው ጠዋት ወርቅነሽ ስታልብ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ፣ «ከሽታው እንዳታውቂብኝ አተላውን ሳመካኝ ኖርኩ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ማለቧን ሳታቆም፣ «አውቅ ነበር» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። ጀሪካኑ ይሸታል፣ እውነትህን ነው። ግን ጀሪካን አይዘፍንም።»

ይኸው አሁንም ትስቃለች፣ እይዋት! ወገኖቼ፣ እያወቀች ነው ዝም ያለችው። እስክነግራት ትጠብቅ ነበር። ያኔ ነው ጌታም እንደዚያው መሆኑ የገባኝ።

በአንድ ቀን ተላቀቅሁ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት በቅቶኛል። በዚያው ክረምት አንዴ ወድቄያለሁ። ያን ቀን ግን ከብስክሌቱ ሳልወርድ «ወርቅነሽ፣ ቀምሻለሁ» አልኳት። እሷም «ና ግባ፣ ትበርዳለህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የለም፣ ጌታ ይመስገን! አተላውን ዛሬም አመጣለሁ፣ ላሞቹ አልተለወጡም። እትዬ አስካለ ጀሪካኖቹን ሞልተው ከበር ውጭ ያስቀምጡልኛል። «ደንበኛዬን ወሰዱብኝ፣ ደግ አደረጉ» ይላሉ ሲያገኙኝ። ሻሼም ወለደች፣ እንደ እናቷ ግንባሯ ነጭ የሆነች ጥጃ። አድጋ ጊደር ሆናም ዘንድሮ ክረምት ጃንጥላ የሚያዝላት እሷው ናት፣ ቤቲም እንደ ድሮዋ ትበሰብሳለች።

ወርቅነሽ ሰዓቷን እያሳየችኝ ነው፣ የማለቢያ ሰዓት ደርሷል፣ ልጨርስ። እዚህ መካከል እንደኔ ነገር ደብቆ የተቀመጠ ወንድም ካለ፣ እህትም ካለች፣ አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ። ሐኪሙ መጥቷል። በዝናብ፣ በጭቃ፣ እስከ ግቢያችሁ ድረስ መጥቷል። ሊቆጣ አይደለም የመጣው። ጎንበስ ብሎ «ምን በላህ?» ነው የሚለው። ወንድሜ፣ እሱ ያውቃል። ብቻ «የተለመደውን» አትበለው።