ከሰዓት በኋላ የሚቆመው ጋሪ

ይህ የሆነው ሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. አካባቢ፣ ሐረር ውስጥ ሜካትሮኒክስ፣ ማለትም የማሽንና የኤሌክትሮኒክስ ጥምር ትምህርት፣ ሳስተምር ነው። ዛሬም ተማሪ መጥቶ “ቲቸር፣ እምቢ አለኝ” ባለ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ነጃት የምትባል የጀጎል ልጅ ተማሪዬ ነበረች። ለመመረቂያዋ ወለል ላይ የተለጠፈ ጥቁር መስመር እየተከተለ የሚሄድ ትንሽ ጋሪ ሠራች። ጋሪው ፈተና ላይ ካልሄደላት አትመረቅም።

የሚገርመው፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ጉድ ይሄዳል። ከሰዓት መስመሩን ይስትና ቀጥ ይላል። ባትሪ ቀየርን፣ ሽቦውን እንደገና በየድን፣ ፕሮግራሙን ከሥር መሠረቱ አየነው። ወይ ፍንክች።

የክፍል ጓደኛዋ አብዲ፣ ቀልድ የማያልቅበት የድሬ ጠያራ፣ “ቲቸር አይፍረዱበት፣ የሐረር ልጅ ነው። በዚህ ሰዓት በርጫ ላይ ነው” አለኝ። ሳቅን። በጫት ሰዓት ለይቶ መቆሙ ግን እኔንም እንቅልፍ ነሳኝ።

የፈተናው ዋዜማ ነጃት ተስፋ ቆርጣ ለዐስር ሶላት ተነሣች። በመስኮቱና በቆመው ጋሪ መካከል ስታልፍ ጋሪው ተንቀሳቀሰ። ፈቀቅ ስትል ቆመ። ተመለሰች፣ ሄደ።

“ቢስሚላህ” አለች ቀስ ብላ። “ቲቸር፣ ጥላዬ ነው።”

እውነትም ጥላዋ ነበር። ጋሪው መስመሩን የሚለየው የኛ ዓይን በማያየው ብርሃን ነው። ከሰዓት በመስኮት የምትገባው ፀሐይ ያንኑ ብርሃን አብዝታ ይዛ ስትመጣ የጋሪው ዓይን የሆነው ሴንሰር ይታወራል።

በማግስቱ ፈታኙ፣ አንድ አንጋፋ መሐንዲስ፣ ከሰዓት መጡ። እኔ ቶሎ ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁት። ነጃት ሄዳ ከፈተችው።

“ምን ነካሽ?” አልኳት በሹክሹክታ።

“ካልቆመ ምኑን አስረዳቸዋለሁ?” አለችኝ።

ጋሪው ፀሐይዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፈታኙ እስክሪብቷቸውን አነሡ። አለቀላት ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እሷ ይዛ የመጣችውን ጃንጥላ ዘርግታ አጠላችበት፤ ሄደ። ጃንጥላውን አነሣች፤ ቆመ። ከዚያ ምክንያቱን አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

ፈታኙ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ኮታቸውን አወለቁና ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

“እስቲ እኔም ልሞክራት” አሉ። በኮታቸው እየጋረዱ፣ እየገለጡ፣ ጋሪውን እያስነሡ እያስቆሙ ቆዩ። የጉልበታቸው አቧራ ሳይራገፍ ማለፏን ነገሯት።

መጋረጃው ተዘግቶ ቢቆይ ጋሪው ይሄድ ነበር፤ ነጃትም ታልፍ ነበር። እኒያ ሽማግሌ ግን አይንበረከኩም ነበር። ሳስበው እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ በልጅቷም እኮራለሁ።