የማን ስምንት ሰዓት

በዚያ ታኅሣሥ የጁባ ተኩስ ጋብ ሲል፣ አባቴ «አገሬ ልግባ» ማለት ጀመሩ። መርሳቱ ቀድሞም ነበረባቸው፤ እኔን በእናቴ ስም መጥራት፣ ሰግደው ሳይቆዩ እንደገና ውዱእ ማድረግ። መውጣቱ ግን አዲስ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከሰፈራችን ከሙኑኪ ወሎ በእግራቸው ሊገቡ ይነሳሉ። አንድ ቀን ወታደሮች ኬላ ላይ አግኝተው በክላሽ አፈሙዝ እየገፉ አመጡልኝ። ከዚያ ወዲያ የስኳርና የዘይት ሱቄን ትቼ እሳቸውን ስጠብቅ ዋልኩ። ደከመኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ፋርማሲ ሄድኩ።

ካርቱም የተማረው ባለ ፋርማሲ የሚያረጋጋ ክኒን ሰጠኝ። «ሀባ ዋሂድ፣ ሳ ታማንያ» አለ፤ አንድ ፍሬ፣ ስምንት ሰዓት ላይ። እኔም ዙሁር ሰግደው ምሳ እንደበሉ፣ ልክ ስምንት ሲሆን ሰጠኋቸው። ተኙ። አሱር አለፈ፣ መግሪብ አለፈ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሶላት ያላለፋቸው ሰው አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። እኔ ግን ሸጥኩ፣ ዕቃ አራገፍኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ቀን እየተኙ ሌሊቱን ሲዞሩ ያድራሉ። እንቅልፍ ሲያሳጡኝ ወደ ባለ ፋርማሲው ተመልሼ «አልበቃቸውም» አልኩት። ሁለት አደረገው። በሁለተኛው ሳምንት እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ለሀጫቸው ይወርድ ጀመር፤ መታጠቢያው ደጃፍ ላይም ወደቁ።

ቁስላቸውን ያጠበችልኝ ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ የዚሁ አገር ልጅ ሆና ጋምቤላ በስደት ያደገች። ክኒኑን መቼ እንደምሰጣቸው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ኡክቲ፣ እህቴ፣ የማን ስምንት?» አለች። «የናንተ ነው የኛ? እዚህ ስምንት ሰዓት እኮ ማታ መኝታ ላይ ነው፤ በናንተ ሁለት ሰዓት!»

ሳቋ መጣና ፊቴን ስታይ ተወችው። ሰባት ዓመት ጁባ ስኖር ከደንበኛ ጋር ስቀጣጠር ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ለምጃለሁ። ለአባቴ ሲሆን ጠፋኝ። እንቅልፋቸው ተመችቶኝ ይሆናል ያልጠየቅሁት፤ ራሴን ጠላሁት።

ሐኪም ጋ ወሰድናቸው። ቀስ በቀስ እየቀነሰ ወደ ግማሽ ፍሬ አወረደው፤ እሱም ማታ ብቻ። አባቴ ከሰዓት በኋላ መንቃት ጀመሩ። አሱርን ሰገዱ፤ ረከዓው ተምታታባቸው እንጂ ሰገዱ። ቆሜ እያየኋቸው አለቀስኩ። በማግስቱ ጫማቸውን አነሱ።

አንድ ቀን የጭነት መኪና ሱቄ በር ላይ ቆሞ ሳለ ሦስቴ ከመንገድ መለስኳቸው። በአራተኛው ክንዳቸውን ጨምድጄ ይዤ ጮህኩባቸው። «አባ፣ ምን ላድርግዎት? እኔስ ምን ልሁን?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ደከመሽ ልጄ?» አሉ። «ልተኛልሽ?»

አፋቸውንም ከፈቱ። ገና አሱር አልሰገዱም ነበር። ክኒኑን ሰጠኋቸው።